ትልቅ ጎማ ለፒካፕ፦ የት ይነካል? ለምን ይነካል?

ፒካፕ ያለው ሰው አንድ ቀን ጎሚስታ ዘንድ ቆሞ «ከዚህ የሚበልጥ ጎማ ይገባለታል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጎሚስታው ፓራፋንጎውን ጎንበስ ብሎ ያያል። «ይገባል» ይላል። እውነቱን ነው፣ ይገባል። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ የተመቸው ጎማ፣ መሪ ሲጠመዘዝ ወይም ካሶኒው ሲሞላ የሆነ ነገር መፋቅ ይጀምራል።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ጥያቄው የቁንጅና ብቻ አይደለም። ከደብረ ብርሃን ወደ መንዝ ወይም ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚመላለስ ሰው ከመኪናው ሆድ ሥር ትንሽ ክፍተት ቢፈልግ አይፈረድበትም። ግን ጎማ የሚነካው በዕድል አይደለም። ጎማውና ቸርኬው ላይ በታተሙ ጥቂት ቁጥሮች ነው። ቁጥሮቹን ማንበብ የሚችል ሰው ብር ሳያወጣ በፊት አብዛኛውን ነገር ያውቃል።

የጎማው ቁጥር ምን ይላል?

ብዙ ሃይሉክስ ፒካፖች ከፋብሪካ የሚወጡት 265/65አር17 ጎማ አድርገው ነው። እንፍታው።

265 የጎማው ወርድ ነው፣ በሚሊ ሜትር። 17 የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ በኢንች። «አር» የጎማውን አሠራር ነው የሚናገረው፣ ለዛሬ እንለፈው። ሰው የሚሳሳተው መሐል ላይ ባለው 65 ነው። 65 ርዝመት አይደለም፣ መቶኛ ነው። የጎማው ጎን ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መሬቱ ድረስ ያለው ቁመት የወርዱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው። የ265 ሚሊ 65 በመቶ ደግሞ 172 ሚሊ ገደማ ይሆናል።

የጎማው ሙሉ ቁመት ሲሰላ ጎኑ ሁለቴ ይቆጠራል፣ ከላይና ከታች። ቸርኬው 17 ኢንች፣ ማለትም 432 ሚሊ ነው። 172 ሲደመር 172 ሲደመር 432፣ 776 ሚሊ ይመጣል። ይህን ስሌት ስልክ ላይ መሥራት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ለሚገዙት ጎማም፣ አሁን ላለውም ይሥሩትና ያነጻጽሩ።

መሐል ያለው ቁጥር መቶኛ ስለሆነ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። «ትንሽ ሰፋ ያለ ብቻ ነው የምፈልገው» ብሎ ከ265/65 ወደ 285/65 የሄደ ሰው፣ ሳያስበው ከፍታውንም ጨምሯል።

18 ቁጥር ቸርኬ መኪናውን ከፍ ያደርገዋል?

የግድ አያደርገውም። 265/60አር18 ብለው ያስሉት። 775 ሚሊ ይመጣል። ከ17 ቁጥሩ ጋር ያለው ልዩነት አንድ ሚሊ ነው። ቸርኬው ተልቋል፣ የጎማው ጎን ግን ከ172 ወደ 159 ሚሊ አጥሯል። መኪናው ያው ነው። የተለወጠው መልኩና ድንጋይ የሚችለው የጎማ ጎን ነው፣ እሱም ቀንሷል። ለኮረኮንች መንገድ 17ቱ ላይ መቆየት የተሻለ ነው።

ከፍታ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው የማተርፈው?

ከሚጠብቁት ያነሰ። ከ265/65አር17 ወደ 265/70አር17 ሲሄዱ ጎማው ከ776 ወደ 803 ሚሊ ያድጋል። ጭማሪው 27 ሚሊ ገደማ ነው። መኪናው ግን የሚነሳው በግማሹ ነው፣ ምክንያቱም ግማሹ ከመኻሉ በላይ ነው ያለው። ስለዚህ ከሆዱ ሥር የተገኘው 13 ሚሊ ያህል ነው። 285/70አር17 ከሆነ ጎማው 831 ሚሊ ይሆናል፣ ትርፉም 27 ሚሊ ነው። 245/70አር16 ያለው ዲማክስ ወደ 265/70አር16 ቢሄድ 14 ሚሊ ያገኛል።

የቀረው ግማሽ የት ሄደ? ወደ ፓራፋንጎው። ጎማ ክብ ስለሆነ በሁሉም በኩል ነው የሚያድገው። ከታች 13 ሚሊ ሲሰጥ ከላይ፣ ከፊትና ከኋላም 13 ሚሊ ይወስዳል።

ታዲያ የሚነካው የት ነው?

ብዙ ሰው ከላይ ነው የሚያየው። በጎማውና በፓራፋንጎው ቅስት መካከል አራት ጣት ስላለ ይረካል። የፊት ጎማ ግን በመጀመሪያ የሚነካው እዚያ አይደለም።

ዋናው ቦታ ከፊት ጎማው በስተኋላ፣ ወደ ታች ያለው ጥግ ነው፣ ከጋቢናው በር ሥር። እዚያ በመጀመሪያ የጭቃ መከላከያው አለ። ከእሱ በኋላ የፓራፋንጎው የውስጥ ፕላስቲክ። ከፕላስቲኩ ጀርባ ሁለት ላሜራዎች ተጣብቀው የሠሩት ስል ጠርዝ አለ። ወደ ውስጥ ሲባል ደግሞ ጋቢናው ሻንሲው ላይ የሚታሰርበት ብረት። ሁለተኛው ቦታ ከፊት ለፊት፣ የፓራውልቱ ጥግ ነው። ሦስተኛው ከውስጥ ነው። ጎማውን የሚይዘው የላይኛው የብረት ክንድ አለ። መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ደግሞ ሻንሲው ራሱ።

የኋላ ጎማ በመሪ ስለማይዞር ጣጣው ያነሰ ነው። በጣም ሰፊ ጎማ ከሆነ ከውስጥ ባሌስትራውን ሊጠጋ ይችላል። ካሶኒው ሞልቶ ባሌስትራው ሲተኛም ከላይ ያለው ክፍተት ይጠባል። ያን ያህል ነው።

መቼ ይነካል የሚለው ከየት ይነካል አይተናነስም። ጎማ የሚነካው ሁለት ነገር አብሮ ሲሆን ነው። መሪው ሲዞርና የፊት ሞላው ሲተኛ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን መንገድ ያስቡት። ቁልቁል ነው፣ ጠመዝማዛ ነው። ኩርባው ላይ ፍሬን ይያዛል። የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይመጣል፣ ሞላው ይተኛል፣ ጎማው ወደ ፓራፋንጎው ይነሳል። በዚያው ሰዓት ጎማው ዞሯል። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ሜዳ ላይ ሁለት ዙር ነድቶ «አልነካም» ያለ ሰው ይህን አልሞከረም።

ሌላም አለ። መሪ ጥጉ ድረስ ይዘው ወደ ኋላ ሲሄዱ የሚነካ፣ ወደ ፊት ሲሄዱ የማይነካ ጎማ ያጋጥማል። የፊት እግሮቹን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ጎማ ቡሾች ትንሽ ይለጠጣሉ። ወደ ኋላ ሲነዳ እነሱ የሚለጠጡበት አቅጣጫ ስለሚቀየር ጎማው ጥቂት ሚሊ ቦታውን ይለቃል። ጥቂት ሚሊ ደግሞ ለመንካት ይበቃል።

ሁሉም መነካካት እኩል አደገኛ አይደለም። ፕላስቲኩን አልፎ አልፎ ቢፍቅ ድምፁ ያናድዳል እንጂ አይገድልም። የሚያስፈራው የላሜራው ጠርዝ ነው። ጎማን ከጎኑ ይሰነጥቀዋል፣ የጎን ቁስል ደግሞ በጎሚስታ አይጠገንም።

ኦፍሴት የሚሉት ምንድን ነው?

ከሁሉም በላይ የሚረሳው ቁጥር ይሄ ነው። ጎማውን ሳይለውጡ ቸርኬ ብቻ ቀይረው መንካት የጀመረባቸው ሰዎች ምክንያታቸው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ቸርኬ መኪናው ላይ የሚታሰርበት ጠፍጣፋ ፊት አለው። ያ ፊት ከቸርኬው ወርድ መሐል ምን ያህል ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ እንደራቀ የሚናገረው ቁጥር ኦፍሴት ይባላል። ቸርኬው ላይ «ኢቲ» በሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላትና በቁጥር ይታተማል። የሃይሉክስ የፋብሪካ 17 ቁጥር ቸርኬ 7.5 ኢንች ወርድና 30 ኦፍሴት አለው። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። ሲበዛ ወደ ውስጥ ይገባል።

ገበያ ላይ በብዛት የሚታየው ወደ ውጭ የወጣው፣ ሰፊው ቸርኬ ነው። 9 ኢንች ወርድ፣ ዜሮ ኦፍሴት ነው እንበል። ሲሰላ የውጭ ጠርዙ ከፋብሪካው 49 ሚሊ ወደ ውጭ ይወጣል። ወደ አምስት ሳንቲም ማለት ነው። ከውስጥ በኩል 11 ሚሊ ክፍተት ስለተገኘ የላይኛው ክንድ ተገላገለ። ከኋላ ያለው ጥግ ግን ጉዱ ፈላ።

ምክንያቱን ለማየት በርን ያስቡ። በር ማጠፊያው ላይ ይዞራል። ከማጠፊያው አጠገብ ያለው የበሩ ክፍል በጥቂቱ ነው የሚንቀሳቀሰው። የእጀታው በኩል ግን ክፍሉን ግማሽ ያካልላል። በሩን በአምስት ሳንቲም ቢያሰፉት ድሮ የማይነካውን አልጋ ይነካል። የፊት ጎማም በራሱ ማጠፊያ ላይ ነው የሚዞረው፣ ማጠፊያውም ወደ ውስጥ ነው ያለው። ጎማው ወደ ውጭ በራቀ ቁጥር መሪ ሲዞር ጠርዙ ሰፊ ቅስት ይሠራል። ቅስቱ ያንን የኋላ ታችኛ ጥግና የፓራውልቱን ጥግ ይፈልጋቸዋል።

ለዚህ ነው 265/70አር17 በፋብሪካው ቸርኬ ላይ ብዙ ጊዜ በትንሽ ማስተካከያ የሚሄደው፣ ያው ጎማ ወደ ውጭ በወጣ ቸርኬ ላይ ግን የሚያስቸግረው። ስፔሰር፣ ማለትም ከቸርኬው ጀርባ የሚገባ ብረት፣ ማስገባትም ተመሳሳይ ነው፣ በኦፍሴቱ ላይ መቀነስ ነው። ከዚያም በላይ ጎማው ወደ ውጭ ሲወጣ ኩሽኔታውና የመሪው መገጣጠሚያዎች ይበልጥ ይጫናሉ።

ጓደኛዬ መኪና ላይ ገብቷል፤ የኔስ?

ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ የጓደኛዎ ጎማ አዲስ ነው ወይስ የበላ? አዲስ የኮረኮንች ጎማ ጥርሱ ከ10 ሚሊ በላይ ሊሆን ይችላል። 3 ሚሊ እስኪቀረው ከበላ ሙሉ ቁመቱ በ15 ሚሊ ገደማ ቀንሷል። ይህ ከ65 ወደ 70 በተደረገው ዝላይ ከተገኘው ከግማሽ በላይ ነው። ያገለገለ ጎማ አይቶ አዲስ የገዛ ሰው ሌላ ቁጥር ገዛ ማለት ይቻላል። የተለያዩ ፋብሪካዎች ጎማም በአንድ ቁጥር ሥር ሆነው በጥቂት ሚሊ ይለያያሉ።

ሁለተኛ፣ ቸርኬው የየትኛው መኪና ነው? ሃይሉክስ፣ ዲማክስ፣ ሬንጀርና ኤል 200 ባለ ፎርዊሎቹ ስድስት ብሎን አላቸው፣ የብሎኖቹ ክብ ዲያሜትርም 139.7 ሚሊ ነው። ስለዚህ የአንዱ ለሌላው የሚሆን ይመስላል። የመሐል ቀዳዳው ግን ይለያያል። የሃይሉክሱ 106 ሚሊ፣ የሬንጀሩ 93 ሚሊ ነው። የሬንጀር ቸርኬ ሃይሉክስ ላይ አይገባም። የሃይሉክስ ቸርኬ ደግሞ ሬንጀር ላይ ይገባል፣ ግን መሐሉ ልል ይሆናል። የሬንጀር ኦፍሴት 55፣ የሃይሉክስ 30 ስለሆነም ጎማው 25 ሚሊ ወደ ውጭ ይወጣል። «ስድስት ብሎን ነው፣ ይሄዳል» የሚል ሻጭ ግማሹን ብቻ ነው የነገረዎት።

መኪናውን ከፍ ማድረግ ይፈታዋል?

በከፊል። ሊፍት የሚባለው የፊት ሞላውን በረዘመ ሞላ ወይም በመደገፊያ ከፍ ማድረግ ነው። መኪናው ሲቆም ከላይ ያለው ክፍተት ይሰፋል። ነገር ግን ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ ሞላው እስከ መጨረሻ ከተኛ ጎማው የሚደርስበት ቦታ ያው የድሮው ነው። ሞላው ከዚያ በላይ እንዳይተኛ የሚያቆመው የጎማ ቁራጭ ካልረዘመ በስተቀር። ቅስቱንም ሊፍት አያሳጥረውም። መሪ ሲዞር የኋላውን ጥግ የሚነካ ጎማ ከሊፍት በኋላም ሊነካ ይችላል።

ሊፍት ሲበዛ ደግሞ ወደ ፊት ጎማዎቹ ጉልበት የሚያስተላልፉት ዘንጎች ይሰበራሉ ባይባልም ማዕዘናቸው ይከፋል፣ ቶሎም ያልቃሉ። ከ5 ሳንቲም ገደማ በላይ ሲኬድ ሌሎች ክፍሎችም መለወጥ ይጀምራሉ። ኋላ ላይ ባሌስትራ መጨመር የተለመደ ነው፣ ለጭነት ይጠቅማል። የፊት ጎማን መነካካት ግን በጭራሽ አይፈታም።

ሠርቶ የሚታየው ነገር ቀላል ነው። የጭቃ መከላከያውን ማንሳት ወይም ማሳጠር። የውስጡን ፕላስቲክ በሙቀት አለስልሶ ወደ ኋላ መግፋት። አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹ አቀማመጥ ማስተካከያ፣ ሲሠራ የፊት ጎማዎቹ በተፈቀደው ልክ ጥቂት ሚሊ ወደ ፊት እንዲመጡ ማድረግ። ይህን የሚችል ሠራተኛ ያለበት ቦታ ይፈልጉ፣ ብዙውን ጊዜ ግማሹን ችግር ይወስዳል። ካልበቃ ባትላሜራ የላሜራውን ጠርዝ መትቶ ያተኛዋል። ያን ጊዜ ብረቱ ተገልጦ ስለሚቀር ቀለም ካልተቀባ የክረምቱ ዝናብ ያዝገዋል።

አንድ መፍትሔ ግን አይመከርም። መሪው እስከ ጥጉ እንዳይዞር የማቆሚያ ብሎኑን ማስረዘም። መነካካቱ ይቆማል። መኪናው ግን ሰፊ ቦታ ካላገኘ አይዞርም። ከአንኮበር ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ አንድ ኩርባ ለማዞር ሁለቴ ወደ ኋላ መመለስ የሚፈልግ አይኖርም።

ጭቃውስ?

እነዋሪና አካባቢዋ ባለው ጥቁር አፈር ላይ በክረምት የነዳ ሰው ያውቀዋል። ኮትቻው ይጣበቃል። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይጠቀጠቃል። በጋ ላይ አንድ ሳንቲም ክፍተት በቂ ሊሆን ይችላል፣ በሐምሌ ግን ያ ክፍተት የለም። በዚያ መንገድ የሚሠራ መኪና በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳንቲም ይተውለት። ለዚህ ዓይነት ጭቃ ደግሞ ከወርድ ይልቅ የጎማው ጥርስ ነው የሚረዳው። በጣም ሰፊ ጎማ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ጠበብ ያለው ቆርጦ ወርዶ ጠንካራውን መሬት የሚያገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዳገቱና ቁልቁለቱ ላይ ምን ይለወጣል?

ጎማ ሲተልቅ ማርሹ ሁሉ ይረዝማል። 285/70አር17 ከ265/65አር17 በ7 በመቶ ይበልጣል። ሞተሩ መኪናውን ለመግፋት በዚያው ልክ ይበልጥ ይለፋል። ጣርማ በር ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ናፍጣ ሞተር ያለ ትልቅ ጎማም ትንፋሽ ያጥረዋል። ድሮ በሦስተኛ የወጣበትን በሁለተኛ ይወጣዋል።

ይበልጥ የሚያሳስበው ግን መውረዱ ነው። ፍሬኑ አልተለወጠም፣ ጎማው ግን ተልቋል። በዚያው ልክ ፔዳል ሲረገጥ መሬቱ ላይ የሚደርሰው የማቆም ጉልበት በዚያው 7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሞተር በማርሽ የሚይዘውም እንዲሁ። አዲሱ ጎማና ቸርኬ ለእያንዳንዱ እግር ከ5 ኪሎ በላይ ሊጨምሩም ይችላሉ። ከጣርማ በር ሸዋ ሮቢት ድረስ ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ካሶኒው ሞልቶ ይህን መንገድ የሚወርድ መኪና ትልቅ ጎማ ሲያደርግ የፍሬን ሸራውን አብሮ ማየት አለበት።

የፍጥነት መቁጠሪያውም ይዋሻል። 100 ሲል በ265/70 ወደ 103፣ በ285/70 ወደ 107 እየሄዱ ነው። የፋብሪካ መቁጠሪያዎች ትንሽ አስበልጠው ስለሚናገሩ የመጀመሪያው ብዙም አይሰማም። ሁለተኛው ይሰማል። የተጓዘውንም ኪሎ ሜትር አሳንሶ ስለሚቆጥር ዘይት መቀየሪያው ቀን ይዘገያል።

ሁለት ብቻ ብቀይርስ?

ፎርዊል ከሆነ አይሆንም። በሃይሉክስና በመሰሎቹ ፎርዊል ሲገባ የፊቱና የኋላው ዘንግ አንድ ላይ ይታሰራሉ። የፊትና የኋላ ጎማ ቁመት ከተለያየ ዘንጎቹ እርስ በርስ ይታገላሉ፣ ማርሹም ይጎዳል። አራቱም አንድ ይሁኑ። ስኮርታውም ቢሆን አምስተኛ ሆኖ ቢገዛ ይመረጣል፤ ከካሶኒው ሥር መግባቱንም በቅድሚያ ይለኩ።

ጎማው ላይ ሌላ ቁጥርም አለ፣ የሚሸከመው ክብደት። 112 ከተጻፈ ጎማው 1,120 ኪሎ ይችላል። አዲሱ ከቀድሞው እንዳያንስ።

ሳልገዛ እንዴት ልሞክር?

አራቱንም ከማስገጠምዎ በፊት አንዱን ብቻ ከፊት ያስሩ። ሻጩ የማይፈቅድ ከሆነ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ። የጎማውን ትከሻ በጠመኔ ያቅልሙ። መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ያዙሩት፣ መጀመሪያ ቆሞ፣ ቀጥሎ ቀስ እያሉ ወደ ፊት፣ ቀጥሎ ወደ ኋላ። ከዚያ ያንን ጎማ ድንጋይ ወይም ወፍራም ሳንቃ ላይ ያውጡት፣ ሞላው እንዲተኛ። እንደገና ያዙሩ። ይህን በሁለቱም በኩል ያድርጉ፣ ግራና ቀኙ ሁልጊዜ እኩል አይደሉም። ጠመኔው የተፋቀበትና ፕላስቲኩ ላይ ነጭ ያረፈበት ቦታ የሚነካው ቦታ ነው። መሪው ጥግ ላይ እያለ ወደ ውስጥ በባትሪ ያብሩና የፍሬኑን የጎማ ቱቦ ይዩ፣ ጎማው መድረስ የለበትም።

ካሶኒው ላይ የተለመደውን ጭነት ጭነው አንድ ኩርባ የበዛበት ቁልቁለት ይውረዱ። ከዚያ አራቱን ያስገጥሙ፣ አላይመንት ያሠሩ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና ያስጠብቁ።